የመኽሉፍ ደረት

የመንደራችንን አዳራሽ ቁልፍ የምይዘው እኔ ነኝ። ከያዝኩት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ሠርግም ይሁን ስብሰባ፣ ወለሉን የምወለውለው፣ ወንበሩን የምደረድረው እኔው ታከለች ነኝ፤ ስለዚህ እዚህ መንደር ማን ካልሲው የተቀደደ እንደሆነ ከእኔ የተሰወረ ነገር የለም። መኽሉፍ ግን ወደ ማክሰኞው ትምህርት ገብቶ ጫማውን ለማውለቅ ሦስት ሳምንት ፈጀበት። በመጀመሪያው ሳምንት ከውጪ ቆሞ በመስኮት አየ። በሁለተኛው ገባና የውሃ ማቀዝቀዣው ይሠራል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። በሦስተኛው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣

"እነዚህ ሴቶች ወለል ላይ ተዘርረው ምንድን ነው የሚሠሩት?" አለኝ።

"ይተነፍሳሉ።"

"ለመተንፈስ ነው እዚህ ድረስ የሚመጡት? ቤታቸው አየር የለም?"

"አንተስ ለምን መጣህ ታዲያ፣ ጋሽ መኽሉፍ?"

 እዚህ አገር ሰው ሁሉ በስሙ ነው የሚጠራው፤ ሚኒስትሩም፣ ዶክተሩም፣ አያትህም። እኔ ግን ከአገር ቤት ይዣት የመጣሁትን "ጋሽ" እና "እትዬ" የምትለዋን አመሌን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ልተዋት አልቻልኩም፣ እነሱም ለምደውኛል። ለምን እንደመጣ ደግሞ መጠየቄ ለክፋት ነው እንጂ አውቀዋለሁ። መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል።

መኽሉፍ ከቱኒዚያ፣ ከጋቤስ ነው በልጅነቱ ከወላጆቹ ጋር የመጣው። እዚህ፣ ከቴል አቪቭ ርቃ በረሃ ዳር ያለችው መንደራችን ውስጥ ከአምስቱ ሰው አራቱ ከዚያው ነው። መንገድ ዳር ጎሚስታ ቤት ነበረው፤ አርባ ዓመት የትራክተር ጎማ ሲያነሳና ሲጥል የኖረ፣ ትከሻው በር የሚሞላ ሰው ነበር። ስሙ የሚነሳው ግን በጎማ አይደለም፣ በቀንደ መለከት ነው። በአይሁድ አዲስ ዓመት፣ እኛ አገር ቤት በልጅነታችን "ብርሃን ሠረቀ" በምንለው በዓል፣ ምኩራቡ ውስጥ ቀንደ መለከት የሚነፋው እሱ ነበር። መቶ ጊዜ ይነፋል። የመጨረሻዋን "ረጅሟ" ይሏታል፤ ነፊው ትንፋሹ እስኪያልቅ ሳያቋርጥ የሚነፋት ናት። በመኽሉፍ ረጅም ወንዶቹ የእጅ ሰዓታቸውን ይዘው ይቆጥራሉ። አንድ ዓመት ሃምሳ ሁለት ሰከንድ ሞላ፤ ያ ይኸው እስከ ዛሬ ይወራል። በዓል ስለሆነ መኪና አይነዳም፣ ግን ከጎረቤት መንደር ሳይቀር ይቺን ለመስማት በእግሩ የሚመጣ ነበር። ጉድ እኮ ነው።

ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በፊት ልቡን ታመመ። ደረቱን ሰንጥቀው የደም ሥሮቹን ቀየሩለት፣ አጥንቱንም በሽቦ መልሰው ገጠሙለት። ሐኪሞቹ ሥራቸውን አሳምረው ሠርተዋል፣ የማማቸው ነገር የለኝም። ሲያስልህ ትራስ እቀፍ አሉት፣ ለስድስት ሳምንት። ስድስቱ ሳምንት አለቀ፣ ትራሱም ቀረ፤ መኽሉፍ ግን እንዳቀፈ ቀረ። ትከሻው ወደፊት ተቆልምሞ፣ ክርኖቹ ጎኑ ላይ ተጣብቀው። ዞር ብሎ ሊያይህ ሲፈልግ አንገቱን አያዞርም፤ ከነእግሩ ነው የሚዞረው፣ ልክ ሁለት ሰው ይዞ እንደሚያዞረው ቁም ሳጥን።

በዚያው ዓመት ለአዲስ ዓመት "እነፋለሁ" ብሎ ድርቅ አለ። የምኩራቡ ኃላፊ ኽሊፋ "ዘንድሮ እረፍ" ቢለው ቤቱን ሊያፈርስበት ደረሰ። ነፋ። እየተንገዳገደ ዘጠና ዘጠኙን ጨረሰ፤ ረጅሟ ግን አሥር ሰከንድ ሳትሞላ ተሰበረች። ሲጥ ብላ ቀረች። ሰዉ ሁሉ መጽሐፉ ላይ አቀረቀረ። እኔ ከሴቶቹ ጋር መጋረጃ ጀርባ ነበርኩ፤ ሚስቱ ካሙናም ከፊቴ ባለው አግዳሚ ላይ ነበረች።

ከበዓሉ በኋላ፣ የዚህ አገር ክረምት ሲገባ፣ ካሙና ልብስ እያሰጣች ሳለ ወደቀች። ማታውን አልደረሰችም። በሃምሳ ዓመት ትዳር አንድ ቀን ለብቻው ቡና አፍልቶ የማያውቅ ሰው፣ ስኳሩ የት እንደሚቀመጥ ለማወቅ ቁም ሳጥኑን ሁሉ ሲያገላብጥ ጎረቤት አገኘው። ከዚያ በኋላ ሰው ፊት አልወጣ አለ። ተዘግቶ የኖረውን ጎሚስታ ቤቱን ከፍቶ እዚያ ይቀመጣል፤ ማንም ጎማ አያመጣለት፣ እሱም ማንንም አይጠብቅ።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው በር ላይ የቆመብኝ። የአዳራሹ አስተማሪ ጺላ ትባላለች። ሰባ ዓመቷ ነው፣ ጸጉሯን እንደ ወንድ የተቆረጠች፣ ክው ያለች ቀጭን ሴት፣ ድምፅዋ ከሹክሹክታ ትንሽ ከፍ ይላል። ይህን ሰውነት በጥቂት በጥቂቱ የሚያላላ ትምህርት ቴል አቪቭ በወጣትነቷ ነው የተማረችው። ስፖርት አይደለም። ማንም አያልብም፣ ማንም አይዘልም። ሰው ይተኛል፣ እሷ ትናገራለች፣ እነሱ ትንሽ ይንቀሳቀሳሉ፣ ያርፋሉ፣ እንደገና ትንሽ። መጀመሪያ ሳየው እኔም "ለዚህ ነው ወለል የምታስወለውለኝ?" ብዬ ነበር።

"ዶክተሩ ልብህም ሳንባህም ደህና ነው አለኝ" አላት መኽሉፍ። "ታዲያ አየሩ ለምን አይገባም?"

ጺላ ዙሪያውን ዞራ አየችው። "የሚገባበት ቦታ ስለከለከልከው። ተኛ፣ እንይህ።"

"እዚህ? ከሴቶች መሀል ተንጋልዬ? አንቺ ሴትዮ ጤና የለሽም እንዴ!"

ሴቶቹ ሳቁ። የሳቁበት ድምፅ ደግሞ ይታወቀኛል፣ ልቅሶ ቤት እንኳን ተቆጣጥረውት አያውቁም። መኽሉፍ ጆሮው ድረስ ቀላ። ሊወጣ ከነእግሩ ሲዞር፣ እኔ አፌን ይዤ መኖር የማልችል ሴት ነኝና፣ "መድረኩ አለ አይደል!" አልኩ። አዳራሹ ለልጆች ቲያትር የተሠራ መድረክ አለው፣ ወይን ጠጅ መጋረጃ ያለው። "እዚያ ላይ ፍራሽ አነጥፍልሃለሁ፣ መጋረጃውን እስባለሁ። አያዩህም፣ አታያቸውም። ጺላን ትሰማለህ።"

ጫማውን አወለቀ። ወደ መድረኩ ሲወጣ ጋዛላ ከወለሉ ላይ ቀና አለች። ጋዛላ የካሙና የልብ ጓደኛ ናት፣ ምኩራብ ውስጥ አንድ አግዳሚ ላይ ያረጁ ናቸው።

"ሃምሳ ዓመት እኛን መጋረጃ ውስጥ ከታችሁን" አለችው፣ "እስቲ ደግሞ አንተ ቅመሳት!"

እንዲህ ነው የተጀመረው። ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ጧት አራት ሰዓት፣ ስምንት ሴት ከመጋረጃው ወዲህ፣ አንድ ወንድ ከመጋረጃው ወዲያ። ጺላ ትላለች፦ በቀኝ ጎናችሁ ተኙ። ጉልበታችሁን እጠፉ። ሁለቱን እጆቻችሁን ወደፊት ዘርግታችሁ መዳፍ በመዳፍ ላይ አድርጉ። አሁን የላይኛዋን እጅ ከታችኛዋ በጥቂቱ አሳልፋችሁ ወደፊት አንሸራቱ፣ መልሱ። የጎን አጥንቶቻችሁ ሲከተሏት ይሰማችኋል? ካልተሰማችሁም ግድ የለም። ቀስ።

ከመጋረጃው ጀርባ "እህህህ!" የሚል ይሰማል፣ ትራክተር እንደሚያነሳ ሰው።

"መኽሉፍ፣ ግማሹን አድርግ" ትላለች ጺላ።

"ግማሹን እኮ ነው ያደረግኩት!"

"የግማሹን ግማሽ።"

"ከዚህ ካነሰ እንቅልፍ ነው የሚባለው!"

"እንቅልፍም ይሁን። ፊትህን አታኮሳትር።"

"ፊቴን በምን አየሽው?"

"ድምፅህ ላይ አየሁት።"

ከሁለት ወር በኋላ ትንሽ ለቀቅ ሲል አየሁ። ክርኖቹ ከጎኑ ተላቀቁ። እኔም ደስ አለኝ፣ ምክንያቱም ወለሉን ስወለውል ወደኋላ እየቀረ ያወራኝ ጀመር። ፍራሹን ሲጠቀልል ይቆያል፣ ይፈታዋል፣ እንደገና ይጠቀልላል። ወደ ቤቱ ላለመሄድ መሆኑ ገብቶኛል።

አንድ ማክሰኞ መድረኩ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ "ታከለች፣ አንቺ ምኩራብ ውስጥ የት ነው የምትቀመጪው?" አለኝ።

"የት እቀመጣለሁ? ከሴቶቹ ጋር ነዋ፣ ከመጋረጃ ጀርባ።"

"ከዚያ ምን ይሰማል?"

"ወሬ!" አልኩት። "የማን ልጅ ፈታ፣ የማን ልጅ አገባ። ጸሎቱማ ወንዶቹ አፋቸውን በጢማቸው ውስጥ ከተው ነው የሚያነበንቡት።"

አልሳቀም። "እዚህ ተኝቼ" አለኝ፣ "የማያትን ሴት ድምፅ ብቻ እሰማለሁ። ስትስቅ፣ ስትቆጣ፣ ፊቷን አላየውም። እና ካሙና ትዝ አለችኝ። ሃምሳ ዓመት ስነፋ አላየችኝም እኮ። ጀርባዬን እንኳ። የሰማችው ድምፁን ብቻ ነው። አንድም ቀን 'እንዴት ነበር?' ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። ወንዶቹ ሰከንዱን ይነግሩኝ ነበር፣ በቃ፣ እሱ ይበቃኝ ነበር።"

መጥረጊያዬን አስደገፍኩ።

"የመጨረሻዋ የሰማችው ደግሞ ያቺ የተሰበረችው ናት" አለ። "ከዚያ በኋላ ሌላ ሳልነፋላት ሄደች። ከበዓሉ ስንመለስ መንገድ ላይ ምንም አላለችኝም፣ እኔም አፍሬ ምንም አላልኳትም። ታከለች፣ አንዴ ብቻ፣ ሙሉዋን ልንፋላት ነው የምፈልገው። ከቻልኩ ትሰማኛለች ብዬ አይደለም፣ ሞኝ አይደለሁም። ግን እንዲህ ተሰብሮ እንዴት ይቀራል?"

  "ትነፋለህ" አልኩት።

አዲስ ዓመት ሊገባ ሰባት ሳምንት ሲቀረው ማክሰኞ ቀረ። ብሄድ ሶፋው ላይ ዱላ እንደበላ ሰው ተጣሞ አገኘሁት። መነሳት አይችልም፣ መሳቅ አይችልም፣ ማስነጠስማ አይታሰብ።

"ምን ሆንክ?"

"ያንን እንቅስቃሴ ሠራሁ።"

"ስንት ጊዜ?"

"መቶ።"

"በስንት ቀን?"

"በየቀኑ። ቀንደ መለከት መቶ ጊዜ ነው የሚነፋው። ደረትም በመቶው መልመድ አለበት ብዬ…"

እንግዲህ እንዲህ ያለ ስህተት ቀንደ መለከት ነፊ ካልሆነ ማን ይሠራል? ጺላን ይዣት መጣሁ። ትጮህበታለች ብዬ ጠብቄ ነበር፣ በልቤም "ጩሂበት" እያልኩ። አልጮኸችም። ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

"ማን ነው መቶ ያለህ?"

"ሕጉ።"

"ሕጉ ለቀንዱ ነው። ለአንተ እኔ ነኝ ሕጉ። ለሁለት ሳምንት ምንም አትሠራም። ተኝተህ እጅህ ወደፊት ስትንሸራተት በሐሳብህ ታያለህ። በሐሳብ ብቻ። አንድ ጣት ብትነቃነቅ ከመድረኩ አባርርሃለሁ።"

"በሐሳብ ደረት ይላላል እንዴ?"

"በሐሳብ አይደል የተቆለፈው?"

ለእሱ ከዚህ የባሰ ቅጣት የለም። ሕይወቱን ሙሉ በጉልበት የኖረ ሰው ሶፋ ላይ ተጋድሞ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጺላ እየመጣች አጠገቡ ቁጭ ብላ "አሁን የግራ ጎንህ ከጀርባህ ጋር የሚገናኝበትን አስበው" ስትለው። እኔ ሾርባ ይዤ እመላለሳለሁ። በዘጠነኛው ቀን ይመስለኛል፣ ተኝቶ ሳለ ደረቱ ሲነሳ አየሁ። ከፊት ብቻ ሳይሆን ከጎን፣ ከብብቱ ሥር፣ ሸሚዙ ገፋ ገፋ አለ። እሱ አላወቀም። ጺላ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ ዝም በይ አለችኝ። ትንሽ ቆይቶ "ጀርባዬ አለ ለካ" አለ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ። ከዚያ በሁለቱ ጉንጮቹ እንባ ወረደ፣ ድምፅ የሌለው፣ ብዙ ብዙ እንባ። ካሙና ከሞተች ሲያለቅስ ያየው ሰው አልነበረም። ጺላ አልጠረገችለትም፣ እኔም እንዳልጠርግለት እጄን ያዘችኝ።

ኽሊፋ ለዘንድሮ ቀንዱን ለሥጋ ሻጩ ለሻሎም ሰጥቶ ነበር፤ አርባ ዓመት ያልሞላው፣ የሚያስቀና ሳንባ ያለው ሰው። መኽሉፍ ሄዶ ጠየቀ። አልጮኸም፣ ኽሊፋን ያስደነገጠው ይኸው አለመጮሁ ነው። "ከደከመኝ ሻሎም ይቀበለኝ፣ አጠገቤ ይቁም" አለው። ተስማሙ።

የበዓሉ የመጀመሪያ ቀን ምኩራቡ ጢም ብሎ ሞላ። ቤቱ ሁሉ ፕካይላ የሚሉት የበዓል ወጥ ይሸታል፤ ሴቶቹ ቆስጣውን ጥቁር እስኪል ቀቅለው ጠብሰው፣ ሽታው ልብሳቸው ላይ ቀርቶ ነው የሚመጡት። ዘንድሮ እኔ ወደ እነ ጋዛላ አግዳሚ ተሻግሬ አብረን ነን፤ በመሀላችን የካሙና ቦታ ባዶ ነው፣ ማንም አልተቀመጠበትም። መጀመሪያ ድምፁ አጭር አጭር ሆኖ መጣ፣ ግን ጥርት ያለ። ሠላሳው አለፈ። ስልሳው አለፈ። መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ አየሁ፣ ይቅር ይበለኝና። ትከሻው ወርዷል። ፊቱ አልተኮሳተረም።

ረጅሟ ደረሰች። ጀመረ። ሄደች፣ ሄደች፣ ሳትንቀጠቀጥ፣ ሳትወፍር ሳትቀጥን፣ ልክ ማንም እንደማይገፋት። ወንዶቹ ሰዓታቸውን ሲያዩ ይታየኛል። ሃምሳ ሁለትን አለፈች። ስልሳን። ሻሎም አፉን ከፍቶ ቀረ። አንድ ደቂቃ ከአራት ሰከንድ ላይ ቆመች፣ ተሰብራ ሳይሆን እሱ አቁሟት። ወንዶቹ ጮኹ፣ ምኩራብ መሆኑን ረስተው።

ጸሎቱ አልቆ ሰዉ ሲወጣ መኽሉፍ ወደ እኛ መጣ። ፊቱ ይበራል። መጋረጃውን በሁለት ጣቱ ገለጠና፣ "ጋዛላ፣ ከዚህ እንዴት ነበር? ያኔ ካሙናን መጠየቅ የነበረብኝን አንቺን ልጠይቅ" አለ።

ጋዛላ ቆጣ አለች። ስትከፋ ነው የምትቆጣው፣ ፍጥረቷ ነው።

"ኧረ አንተ ሰው! ካሙና ብትኖር ዛሬ ገድለሃት ነበር!"

"እንዴት?"

"እንዴትማ? አንተ ያቺን ረጅም ስትጀምር ትንፋሿን ትይዝ ነበራ። አንተ እስክትጨርስ አትተነፍስም። ሃምሳ ዓመት ሙሉ! እጄን ይዛ፣ ጥፍሯ ሥጋዬ ውስጥ እየገባ፣ ፊቷ እየጠቆረ። 'ልቡ ትፈነዳለች፣ እዚያው ወድቆ ይቀርብኛል' ትለኛለች። ሰከንድ በጨመርክ ቁጥር ወንዶቹ ይጨበጭባሉ፣ እኔ እሷን አራግባለሁ።"

መኽሉፍ መጋረጃውን እንደያዘ ቀረ። "ለምን አልነገረችኝም?"

"'እሱ እኮ በዓመት አንድ ቀን ነው ደስ የሚለው' ትል ነበር። ምን ብላ ትንገርህ?"

"ባለፈው ዓመትስ?" አለ።  "ያቺ የተሰበረችውስ?"

ጋዛላ ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ግን ሳቀች። "ባለፈው ዓመትማ ገና ትንፋሿን ሳትይዝ አለቀች! እንዴት ደስ እንዳላት ብታይ። 'ተመስገን ጌታዬ፣ ዘንድሮ ቶሎ ለቀቀኝ' ብላ ጆሮዬ ላይ ስትስቅ ነበር። ሳቋ እንዳያመልጣት ብላ እኮ ነው ስትመለሱ መንገድ ላይ ዝም ያለችው።"

መኽሉፍ ገባና በባዶው ቦታ ላይ ተቀመጠ፤ ሴቶች ክፍል መሆኑን ረስቶ። ማንም አላስነሳውም። 

"ባውቅ ኖሮ አሳጥራት ነበር እኮ" አለ። "ሃምሳውንም ዓመት አሳጥራት ነበር።"

በዓሉ ሁለት ቀን ነው። በማግስቱ ከጎረቤት መንደር የመጣው ሰው ውጪ ድረስ ቆሟል፤ የአንድ ደቂቃው ወሬ አዳሩን ደርሷል። ዘጠና ዘጠኙን በደንብ ነፋ። ረጅሟን ሲጀምር ዛሬም መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ አየሁ፤ ወንዶቹ ሁሉ እጅጌያቸውን ሰብስበው ሰዓታቸው ላይ አፍጥጠዋል። ጥርት ያለች፣ ሙሉ፣ የምታምር ድምፅ ወጣች፣ ስምንት ሰከንድ ያህል ሄዳ ቆመች።

 ሻሎም ደክሞት ነው ብሎ ቀንዱን ሊቀበለው እጁን ዘረጋ። መኽሉፍ አልሰጠውም። "አዬ፣ ትናንት ጨረሰው" አለ ከወንዶቹ አንዱ፣ ሌላውም "እንግዲህ አረጀ" አለ፤ እጅጌያቸውን ሰዓታቸው ላይ መለሱ። እሱ ግን ወደ እኛ በኩል ዞሮ ነበር፣ ትከሻውን ብቻ፣ እግሩን ሳያንቀሳቅስ።

"በይ፣ ተንፍሺ" አለ ቀስ ብሎ።

ከእኔና ከጋዛላ በቀር የሰማው ያለ አይመስለኝም።